10ኛ የወጣው ነጠላ ዜማ፦ የዴቪድ ቦዊ «ስታርማን» ለምን እስከ ዛሬ ይወራለታል?

በ1972 ሐምሌ ወር እንግሊዝ ውስጥ የሸክላ ሽያጩን የመራው ዘፈን የዶኒ ኦስመንድ «ፓፒ ላቭ» ነበር። አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ «ስታርማን» ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ 10ኛ ነው። አሜሪካ ውስጥማ 65ኛ ላይ ቀረ።

ዛሬ ስለ «ፓፒ ላቭ» የሚያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለ «ስታርማን» ግን ብዙ ተጽፏል። ዘፈኑ በቴሌቪዥን ስለታየባት አንዲት ምሽት ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጡ የእንግሊዝ ዘፋኞች «ሕይወቴ የተቀየረው ያን ቀን ነው» እያሉ ሲመሰክሩ ኖረዋል።

10ኛ የወጣ ዘፈን እንዴት እዚህ ደረሰ? «ቆንጆ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቆንጆ መሆኑም እውነት ነው። ግን 10ኛ የወጡ ቆንጆ ዘፈኖች ሞልተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ስታርማን» ለጆሮ የለመደ ነገር ነበር፤ ለዓይን ግን ጨርሶ ያልለመደ። ሰው መጀመሪያ በጆሮው ሰማው፤ ብዙም አልገረመውም። በኋላ በዓይኑ ሲያየው ነው ነገሩ የተቀየረው። ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ቁም ነገረኛ የሮክ ሙዚቀኛ መልኩ ይታወቅ ነበር። ጂንስ፣ ረጅም ፀጉር፣ ብዙ ጊዜም ጺም። ዘፈኑ ረጅም ነው። የጊታር ሶሎው ማለቂያ የለውም። ለልብሱ የሚጨነቅ ሙዚቀኛ እንደ ቀላል ሰው ይታይ ነበር። ትልቁ ነገር አልበም ሆነ። ነጠላ ዜማ የልጆች ነገር ነው ተባለ።

ግላም ሮክ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ዘፈኑን አሳጠረው። አዝማቹን ማንም ልጅ ሰምቶ ወዲያው የሚዘፍነው አደረገው። ወንዶቹ ደግሞ ተኳኳሉ። የሚያብረቀርቅ ልብስ፣ ፊት ላይ ብልጭልጭ፣ ሶሉ የተቆለለ ባለ ታኮ ጫማ። መነሻው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቲ. ሬክስ የሚባለው ባንድ መሪ ማርክ ቦላን ነው። በ1971 «ሆት ላቭ» የተባለውን ዘፈኑን በቴሌቪዥን ሲያቀርብ ዓይኑ ሥር ብልጭልጭ ተቀብቶ ወጣ። ዘፈኑ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሌድና ስዊት የተባሉት ባንዶች ተከተሉ።

ቦዊ ያን ጊዜ የት ነበር? እውነቱን ለመናገር ተረስቶ ነበር። በ1969 «ስፔስ ኦዲቲ» በተባለው ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ 5ኛ ወጣ። ሰው ጨረቃ ላይ የወጣበት ዓመት ስለነበር ስለ ጠፈርተኛ የተዘፈነው ዘፈን ከወቅቱ ጋር ገጠመ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ገደማ የሞከረው ሁሉ አልሳካ አለ። በ1970 «ዘ ፕሪቲየስት ስታር»ን አወጣ። ጊታሩን የመታለት ራሱ ማርክ ቦላን ነው። ያም ሆኖ የሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዡ ውስጥ አልገባም። በ1972 ጥር የወጣው «ቼንጅስ»፣ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን፣ እሱም አልገባም። ቦዊ በሰው ዘንድ «ያ የጠፈርተኛው ዘፈን ልጅ» ነበር፤ የአንድ ዘፈን ሰው።

በዚህ መሀል አዲስ አልበም እየሠራ ነበር። አልበሙ ዚጊ ስታርደስት ስለሚባል ምናባዊ የሮክ ኮከብ ነው። አብዛኛው በ1971 ኅዳር ለንደን ውስጥ በትራይደንት ስቱዲዮ ተቀረጸ። አብረውት የነበሩት ጊታሪስቱ ሚክ ሮንሰን፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ትሬቨር ቦልደርና ከበሮ መቺው ሚክ ዉድማንሲ ናቸው። ፕሮዲዩሰሩ ከቦዊ ጋር ኬን ስኮት ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል አርሲኤ በተባለው የሸክላ ኩባንያ አዳዲስ ሥራዎችን የሚመርጠው ዴኒስ ካትስ አንድ ነገር አለ። አልበሙ ጥሩ ነው፤ ግን በነጠላ ዜማ ሊወጣ የሚችል ዘፈን የለውም።

ቦዊ «ስታርማን»ን አመጣ። ዘፈኑ በ1972 የካቲት መጀመሪያ ተቀረጸ። አልበሙ ላይ ሊገባ የነበረው የቹክ ቤሪ «ራውንድ ኤንድ ራውንድ» ወጣና ቦታውን «ስታርማን» ያዘ። እንግዲህ ልብ በሉ። የአንድ ዘመን ምልክት የሆነው ዘፈን መጀመሪያ የአልበሙ አካል አልነበረም። የገባው ኩባንያው የሚሸጥ ነገር ስለፈለገ ነው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔን ግን ደስ ይለኛል። ለገበያ ታዞ የተሠራ ነገር ሁሉ ባዶ ነው የሚለውን አባባል ይህ ዘፈን ውድቅ ያደርገዋል። ትእዛዙ ቦዊን ወደ አጭርና ጥርት ያለ ሐሳብ ገፋው፤ የጎደለውም ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ዘፈኑ ውስጥ እንግባ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ሌሊት ሬዲዮ እየሰማ ነው። ሙዚቃው ይደበዝዝና ሌላ ድምፅ ይመጣል። ድምፁ የመጣው ከሰማይ ነው። እዚያ አንድ የኮከብ ሰው አለ። ወደ ምድር መምጣት ይፈልጋል፤ ግን ብመጣ ያስደነግጣቸዋል ብሎ ይፈራል። ልጁ ነገሩን ለጓደኛው ለመናገር ስልክ ይደውላል። ጓደኛውም ሰምቷል። ለአባት እንዳይነገር ይስማማሉ፤ አባት ካወቀ ፈርቶ ያስቆልፍባቸዋል። የአዝማቹ መልእክት ደግሞ አንድ ነው። ልጆቹን ልቀቋቸው፣ ይጨፍሩ።

ልብ ካላችሁ ዘፈኑ ውስጥ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ፍቅር አንድም ቃል የለም። ያለው ልጆች የሚያውቁት፣ ወላጅ የማያውቀው አንድ ምስጢር ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ዜማው ላይ ደግሞ ቦዊ በጣም ብልህ ነገር አድርጓል። አዝማቹ ሲጀምር «ስታር» የሚለውን ዝቅ ባለ ድምፅ ይይዝና «ማን» ላይ ሲደርስ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ወደ ላይ ይዘላል። ማለትም ያንኑ ድምፅ ከፍ ባለው ደረጃው ያገኘዋል። ይህ ዝላይ አዲስ አይደለም። ጁዲ ጋርላንድ በ1939 ፊልም ላይ የዘፈነችው «ኦቨር ዘ ሬይንቦው» በዚሁ ዝላይ ነው የሚጀምረው። እንግሊዝ ውስጥ ያን ዘፈን የማያውቅ የለም። ቦዊ ይህን ደብቆም አልያዘው። በ1972 ነሐሴ ለንደን በሚገኘው ሬይንቦው ቲያትር ሲዘፍን የዚያን ዘፈን ስንኝ በ«ስታርማን» አዝማች ላይ ራሱ አስገብቶ ዘፍኖታል።

ከስንኙ ወደ አዝማቹ ሲሻገር ጊታርና ፒያኖ አንድ ላይ ሆነው አንዲት ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይመታሉ። እንደ ድሮው የሽቦ ቴሌግራም ምልክት ነው የሚሰማው፤ ከሩቅ መልእክት እየመጣ ይመስላል። በነጠላ ዜማው ሸክላ ላይ ይህ ክፍል ከአልበሙ ይልቅ ጎላ ብሎ ይሰማል። የዘፈኑ መጨረሻ ደግሞ «ላ ላ ላ» ነው። ይህን የሰማ ልጅ ሁሉ የቲ. ሬክስን «ሆት ላቭ» ወዲያው ያስታውሳል። የቫዮሊንና የዘመዶቹን፣ ማለትም የባለ ክር መሣሪያዎቹን ቅንብር የሠራው ሮንሰን ነው። ሮንሰን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ሀል በምትባለው ከተማ የማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ነበር። ያ ሰው ነው እንዲህ ሰፊ ሰማይ የሚያስመስል ቅንብር የጻፈው።

ስለዚህ ዘፈኑ ከምን ተሠራ? እናቶች ከሚያውቁት የፊልም ዜማ፣ ልጆች ከሚያውቁት የቲ. ሬክስ አዝማች፣ ቦዊ ራሱ ከዚህ በፊት ከተሳካለት የጠፈር ታሪክ። ለጆሮ አንዳችም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሬዲዮ ላይ ያለ ችግር ይገባል። ይህን የምለው ዘፈኑን ለማሳነስ አይደለም። በጣም እንግዳ የሆነን ነገር ወደ ሰው ቤት ለማስገባት በሚታወቅ ዜማ መጠቅለል ትልቅ ችሎታ ነው።

ሸክላው ሚያዝያ 20 ቀን 1964 ዓ.ም. ላይ፣ ማለትም በፈረንጁ ሚያዝያ 28 ቀን 1972 ወጣ። በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከር፣ ሁለት ዘፈን የሚይዝ። በጀርባው «ሰፍራጀት ሲቲ» አለ። የዚያ ዘመን ሰው ይህን ዓይነት ሸክላ በደንብ ያውቀዋል። በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ የኛን ዘፋኞች የሚያሳትመው በዚሁ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ ነበር።

የመጀመሪያው አቀባበል ለብ ያለ ነው። ብዙ ሰው «ቦዊ እንደገና ስለ ጠፈር ዘፈነ» ብሎ አለፈው። ዘፈኑን ከልባቸው ያወደሱ ተቺዎችም ነበሩ። የቢቢሲው የሬዲዮ ሰው ጆን ፒል አንዱ ነው። ዲስክ ኤንድ ሚውዚክ ኤኮ በተባለው ጋዜጣ ላይ ይህ ዘፈን ሳይሰማ ቢቀር ትልቅ ሐዘን እንደሚሆን ጻፈ። ግን ተቺ ወደደው ማለት ሰው ገዛው ማለት አይደለም። ሳምንት መጣ፣ ሳምንት ሄደ። ግንቦት አለፈ። «ስታርማን» ሰንጠረዡ ላይ የለም።

ሰንጠረዡ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የለም። የተመረጡ የሸክላ ሱቆች፣ ወደ 300 የሚጠጉ፣ የትኛው ሸክላ ስንት እንደተሸጠ በመዝገብ ይጽፋሉ። መዝገቡ ተሰብስቦ በአንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ይደመራል። ከዚያ ሰንጠረዡ ይወጣል። ሰንጠረዡ ላይ የሌለ ዘፈን ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ የመቅረብ ዕድሉ ጠባብ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ያልቀረበ ዘፈን ሰንጠረዡ ላይ መውጣት ይከብደዋል። ብዙ ጥሩ ዘፈን በዚህ አዙሪት ውስጥ ቀርቷል።

«ስታርማን»ን ከዚህ ያወጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ቦዊ ከየካቲት ጀምሮ በየከተማው እየዞረ፣ መጀመሪያ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በኋላም በትናንሽ አዳራሾች ይዘፍን ነበር። የሚመጣው ሰው ከሳምንት ሳምንት ይጨምር ነበር። ሰኔ 16 አልበሙ ወጣ። በማግስቱ ኦክስፎርድ ላይ ሲዘፍን ፎቶ አንሺው ሚክ ሮክ አንድ ፎቶ አነሳው፤ ቦዊ ሮንሰን ፊት ተንበርክኮ የጊታሩን ክር በጥርሱ ሲነካ። ያ ፎቶ ሜሎዲ ሜከር የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ በሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣ። ሰኔ 21 ደግሞ አይቲቪ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ በሚተላለፍ የልጆች ፕሮግራም «ስታርማን»ን ዘፈነ። ሰኔ 24 ዘፈኑ ከወጣ ወደ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ብቅ አለ።

ይህን ቅደም ተከተል የምዘረዝረው በምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የሚተረከው «አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፣ በማግስቱ ኮከብ ሆነ» ተብሎ ነው። እንዲያ አይደለም። ቴሌቪዥኑ የጠራው ዘፈኑ መነቃነቅ ስለጀመረ ነው።

አሁን ወደዚያች ምሽት እንምጣ። ሐሙስ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1972። የቢቢሲ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የሙዚቃ ፕሮግራም። በዋዜማው ነው የተቀረጸው። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ያሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አብዛኛው ቤት አንድ ቴሌቪዥን ነው ያለው፤ እሱም ሳሎን ውስጥ። ሐሙስ ማታ ልጆቹ ይህን ፕሮግራም ይጠብቃሉ። አባትም እዚያው ወንበሩ ላይ አለ። አያትም ልትኖር ትችላለች። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ አንድ ነገር በአንድ ሰዓት ያያል። ዛሬ እያንዳንዳችን በየስልካችን በምናይበት ጊዜ ይህን ማሰብ ያስቸግራል።

ካሜራው መጀመሪያ የሚያሳየው ሰማያዊ ባለ 12 ክር ጊታር ነው። ከዚያ ቦዊ። ፀጉሩ ቀይ ነው፤ ከላይ ቆሞ ከኋላ ወርዷል። ፊቱ የነጣ፣ ጥፍሩ ነጭ የተቀባ ነው። ልብሱ ድርብ ስፌት ያለው፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ፣ ሰውነቱ ላይ ልክክ ያለ። ጫማው ቀይ ቡት። ሮንሰን ወርቃማ ለብሷል። የቦልደር ረጅም የጉንጭ ጺም ብር ቀለም ተነፍቶበታል። ሙዚቃው ቀድሞ የተቀዳ ነው፤ ድምፃቸው ግን እዚያው በቀጥታ ነው።

ሁለት ቅጽበቶች አሉ።

አንደኛው ልጁ ስልክ የሚደውልበት ስንኝ ላይ ነው። ለአንድ ሰው መደወል ነበረብኝና አንተን መረጥኩ ይላል። ቦዊ ይህን ሲል ጣቱን አንስቶ ቀጥታ ወደ ካሜራው ይቀስራል፤ ጣቱን ትንሽ ያሽከረክረዋል፤ ዓይኑም ሌንሱ ላይ ነው። ፈገግ ብሏል። በዚያን ሰዓት ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ሁሉ ጣቱ ወደ እሱ ነው የተቀሰረው። ሬዲዮ ላይ ይህ ስንኝ ተራ የታሪክ ክፍል ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግን ጥሪ ሆነ። ብዙዎቹ በኋላ ሲመሰክሩ የሚያነሱት ይህን ነው። «እኔን ነው የመረጠኝ» ይላሉ።

ሁለተኛው አዝማቹ ላይ ነው። ሮንሰን አብሮ ለመዘመር ወደ ማይክሮፎኑ ሲጠጋ ቦዊ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ጠጋ አድርጎም ይይዘዋል። ሁለቱም ፊት ለፊት ተያይተው እየሳቁ ይዘፍናሉ።

የኛ አገር ተመልካች እዚህ ላይ «ታዲያ ምን አለበት?» ቢል አልፈርድበትም። አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ወንድ ጓደኛሞች ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ላይ ሲሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም። በ1972 እንግሊዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንድና ወንድ ከመጨባበጥ አልፎ በአደባባይ አይነካካም። ከዚህም በላይ ተመልካቹ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 22 ሜሎዲ ሜከር ጋዜጣ ላይ በወጣ ቃለ ምልልስ ቦዊ ግብረ ሰዶማዊ ነኝ ብሎ ተናግሮ ነበር። ያን ጊዜ ሚስትና ልጅ ነበረው፤ በኋላም ስለ ጉዳዩ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ብሏል። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ እንዲህ ያለው ግንኙነት በከፊል ከወንጀልነት ከወጣ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ለንደን ላይ የመጀመሪያው የግብረ ሰዶማውያን የመብት ሰልፍ የተካሄደው ከፕሮግራሙ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 1 ነው። ያ ክንድ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ይህ ሁሉ አብሮ ሳሎን ውስጥ ገባ። ለዚህ ነው አባቶች የተቆጡት። ለዚህ ነው አንዳንድ ልጅም ብቸኝነቱ የቀለለው።

ማርክ ቦላንም ተኳኩሎ ነበር። ስሌዶችም ስዊቶችም ተኳኩለው ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ እነሱን ያየ አባት ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ስሌዶች ብልጭልጭ ቢለብሱም ሰፈር መጠጥ ቤት ውስጥ የሚያገኛቸው ጎረምሶች ናቸው። ቦዊ ግን የሚጫወት አይመስልም። ከዘፈኑ ውስጥ የወጣ ነው የሚመስለው። «ብመጣ ያስደነግጣቸዋል» ያለው የኮከብ ሰው ይኸው መጥቶ ቆሟል። የዘፈኑ ግጥምና የሰውየው መልክ አንድ ነገር ሆኑ። ለኔ የዚህ አቀባበል እምብርቱ ይህ ነው። በጆሮ የለመዱት ዘፈን በሩን ከፈተ፣ በዓይን ያልለመዱት ሰው ገባ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ወሬው እሱ ብቻ ነበር። የ«ኤኮ ኤንድ ዘ በኒሜን» ዘፋኝ ኢያን ማከለክ ያን ጊዜ 13 ዓመቱ ነው። የ«ስፓንዳው ባሌ»ው ጋሪ ኬምፕ 12 ዓመቱ ነው፤ ጓደኛው ቤት እንዳየው ይናገራል። የ«ሶፍት ሴል»ሉ ማርክ አልመንድ 15 ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶታል። የ1980ዎቹን የእንግሊዝ ፖፕ የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ያን ሐሙስ ሳሎን ውስጥ የነበሩ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ዘፈኑ ስንት ሸጠ የሚለውን ከጠየቅን መልሱ 10ኛ ነው። ማን ሰማው የሚለውን ከጠየቅን ግን መልሱ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህን ምስክርነቶች የምንሰማው ልጆቹ በኋላ ታዋቂ ስለሆኑ ነው። ያን ማታ ቴሌቪዥኑን አይቶ ምንም ያልመሰለው፣ ወይም አፍንጫውን ነፍቶ ወደ እራቱ የተመለሰ ልጅ የሕይወት ታሪኩን አልጻፈም። እሱ ብዙ ነው። ስለዚህ «መላው እንግሊዝ ደነገጠ» የሚለው ማጋነን ነው።

ሌላም አለ። ቢቢሲ ቀለም ያለው ስርጭት በዋናው ጣቢያው ላይ ከጀመረ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። አብዛኛው ቤት ያለው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ይህ ማለት ዛሬ «ያ ቀይ ፀጉር፣ ያ የተዥጎረጎረ ልብስ» እያሉ ከሚያስታውሱት ሰዎች ብዙዎቹ ያን ማታ ያዩት ግራጫ ነው። ቀለሙን በኋላ ከፎቶና ከድጋሚ ስርጭት ነው ያገኙት። ሰዎቹ ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። ትዝታ እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ በኋላ ያየነውን ከመጀመሪያው ጋር ያዋህደዋል። የዚያ ዘመን ብዙ የ«ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ቅጂዎች ቴፑ ለሌላ ሥራ እየተፈለገ ተደምስሰዋል። የ«ስታርማን» ቅጂ ተርፏል። ስለተረፈ ለ50 ዓመት ደጋግሞ ታየ። ባይተርፍ ኖሮ ዛሬ ስለ ዘፈኑ የምናወራው በዚህ መጠን ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

አሜሪካን ብናይ ነጥቡ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ዘፈኑ ያው ነው። ግን አገሩ ሰፊ ነው፤ ሬዲዮው በየከተማው የተለያየ ነው። አገሩ በሙሉ በአንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ቦዊን የሚያይበት ዕድል አልተገኘም። አሜሪካ «ስታርማን»ን በጆሮዋ ብቻ ነው የሰማችው። 65ኛ ላይ ቀረ። ቦዊ ራሱ ወደዚያ ሄዶ መዝፈን የጀመረው መስከረም 22 ክሊቭላንድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነጠላ ዜማው ጊዜው አልፎበታል።

እንግሊዝ ውስጥ ግን መንገዱ ተከፈተ። ቦዊ ሊበተን ለነበረው «ሞት ዘ ሁፕል» ለሚባል ባንድ «ኦል ዘ ያንግ ዱድስ»ን ሰጠው፤ 3ኛ ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ያወጣው የራሱ «ዘ ዢን ጂኒ» 2ኛ ደረሰ። በ1973 «አላዲን ሴን» የተባለው አልበሙ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ሐምሌ 3 ቀን 1973፣ ከዚያች ሐሙስ ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለንደን ሀመርስሚዝ መድረክ ላይ ሲጫወተው የነበረውን ገጸ ባሕርይ ዚጊን አሰናበተው። በነጠላ ዜማ አንደኛ ለመሆን ግን እስከ 1975 ጠብቋል። አንደኛ ያደረገውም እንደገና የታተመው ያ የድሮው «ስፔስ ኦዲቲ» ነው።

«ስታርማን» ከዚያ ወዲያም አልተቀመጠም። በ1989 ብራዚል ውስጥ ኔኑም ጂ ኖስ የተባለ ባንድ በፖርቱጋልኛ ዘፍኖት ትልቅ ተወዳጅነት አገኘ። በ2015 «ዘ ማርሺያን» የተባለው ፊልም ተጠቀመበት። ቦዊ በጥር 2016 ሲሞት ዘፈኑ ተመልሶ እንግሊዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። በ2018 ስፔስኤክስ የተባለው የሮኬት ኩባንያ መኪና ወደ ጠፈር ሲልክ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አሻንጉሊት ስሙን «ስታርማን» አለው።

ዘፈኑን ጨርሶ ላልሰማ ሰው አንድ ምክር አለኝ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሸክላው ላይ የወጣውን ቅጂ ስሙ። «ስታር» እና «ማን» መካከል ያለውን ዝላይ፣ የቴሌግራሙን ምት፣ የመጨረሻውን «ላ ላ ላ» ለዩ። ከዚያ የ«ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ»ን ቅጂ ክፈቱ፤ በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። ጣቱን የሚቀስርበትን ጠብቁ። ክንዱን የሚጥልበትን ጠብቁ። ከኋላቸው ስቱዲዮ ውስጥ የሚጨፍሩትን ወጣቶችም እዩ፤ በ1972 ሰው የሚለብሰው ልብስ እሱ ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ መድረኩ መልሱ።